አንድ ሦስተኛ

ሁለት እንጨት በማዕዘን የሚያያዝበት መንገድ ብዙ ነው። ምስማር አለ፣ ብሎን አለ፣ ኮላ ብቻም አለ። አናጺዎች ወንዴና ሴቴ የሚሉት ግን የተለየ ነው። የአንዱ እንጨት ጫፍ ከግራና ከቀኝ ተቀንሶ ምላስ ይወጣለታል። የሌላው ሆድ ተፈልፍሎ ቀዳዳ ይበጅለታል። ምላሱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። የምላሱ ውፍረት የእንጨቱ አንድ ሦስተኛ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር እንጨት 1 ሴንቲ ሜትር ምላስ ይኖረዋል፤ በሁለቱ ጎን አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ትከሻ ይቀራል። ምላሱ ከዚህ ቢወፍር የሴቴው ግድግዳ ይሳሳና ይሰነጠቃል። ቢቀጥን ራሱ ይሰበራል።

ይህን ያስቀደምኩት ስለ ታራሚ ልጆች የሙያ ሥልጠና ስለምጽፍ ነው። ስለ ሥልጠና ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስንት ልጅ እንደ ሠለጠነ ነው። ልጁ በእጁ ምን እንደ ያዘ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደ ቆረጠ፣ የቆረጠውስ ከምን ጋር እንደ ገጠመ አይነገርም። እኔ ማየት የምፈልገው ይህንን ነው። የማየውም ከጋምቤላ አንጻር ነው፤ ሙቀቱ፣ ርቀቱና እንጨቱ የራሳቸውን ልክ ከሚያስገድዱበት ከባሮ ወንዝ ዳር።

ጀማሪ መጀመሪያ መጋዝ አያነሣም። ሥራው የሚጀምረው በመላጊያ ነው። ከእንጨቱ አራት ገጾች አንዱን ይመርጣል። ይልጋል። ስኳድራውን በጠርዙ አቁሞ ወደ መስኮት ያነሣዋል። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ካለፈ ገጹ አልቀናም። ብርሃኑ እስኪጠፋ መላግ ነው። ቀጥሎ ጎረቤት የሆነውን ጠርዝ ከዚህ ገጽ ጋር በ90 ዲግሪ ያቀናል። ሁለቱም ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ልኬት የሚነሣው ምልክት ካለባቸው ከነዚህ ከሁለቱ ብቻ ነው። ከሌላ ገጽ አንድ ጊዜ የለካ ልጅ ስሕተቱን የሚያገኘው ከሰዓታት በኋላ፣ ሲገጥም ነው።

መላጊያው ካልተሳለ ይህ ሁሉ አይሆንም። ስለዚህ ከመላግም በፊት ስለት አለ። የመሮና የመላጊያ ምላጭ በመፍጫ ወደ 25 ዲግሪ ያህል ይሞረዳል፤ ከዚያ ጫፉ ብቻ በመሳያ ድንጋይ ወደ 30 ዲግሪ ይሳላል። በ25ቱና በ30ው መካከል ያለው ልዩነት ጊዜ ይቆጥባል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሳል ድንጋዩ የሚነካው ያችን ጠባብ ጫፍ እንጂ መላውን ገጽ አይደለም። የተሳለ መላጊያ ከእንጨቱ ሳይበጠስ የሚወጣ ስስና ረጅም ልጣጭ ያወጣል። ያልተሳለው ይቧጭራል፤ የሚያወጣውም ዱቄት ነው።

ሴቴው ከወንዴው ይቀድማል። ምክንያቱም ወርዱን የሚወስነው መሮው ነው። በእጅ ያለው መሮ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቀዳዳውም 10 ሚሊ ሜትር ነው። ወንዴው በተገኘው ቀዳዳ ልክ ይቆረጣል። መሮው ከዳር አይጀምርም። ከመካከል ይጀምርና ወደ ሁለቱ ጫፍ ይሄዳል። በየጫፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሳይነካ ይቆያል። ፍርፋሪውን ሲፈነቅሉ መሮው የሚደገፈው በዚያ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጠርዙ ይጫናል፤ የተጫነው በመጨረሻ በአንድ ቀጥ ያለ ምት ይወገዳል። ቀዳዳው እስከ ማዶ የሚዘልቅ ከሆነ እንጨቱ ግማሽ ላይ ይገለበጣል። ከአንድ ወገን ብቻ ከተመታ ማዶው ይገነጠላል።

ወንዴውን ሲቆርጡ መጋዙ በመስመሩ ላይ አይሄድም። ከመስመሩ ውጭ፣ በሚጣለው ወገን ነው የሚሄደው። ሰጋቱራው ሲጠረግ መስመሩ እንጨቱ ላይ መታየት አለበት። ፈተናው ሁለት ነው። ወንዴው በእጅ ግፊት መግባት አለበት፤ መዶሻ ከጠየቀ ወፍሯል። ከገባ በኋላ አንዱን እንጨት ይዘው ሌላውን ወደ ታች ያንጠለጥሉታል፤ በራሱ ከወደቀ ቀጥኗል። በመውፈሩና በመቅጠኑ መካከል ያለው ርቀት የአንዲት ወረቀት ያህል ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አሠልጣኙ ብዙ እንደማይናገር አንባቢ ልብ ይበል። ስኳድራው ይናገራል፣ ያልገባው ምላስ ይናገራል። ብርሃኑ በጠርዙ ሥር ካለፈ አልፏል፤ ክርክር የለውም። በፖሊስ ጣቢያና በችሎት ስለ እርሱ ብዙ የተነገረበት ልጅ ጥፋቱን ያለ ተግሣጽ የሚያይበት፣ አይቶም ራሱ የሚያስተካክልበት ቦታ ይህ ነው። የእንጨት ሥራን ከሌሎች ሙያዎች አስበልጬ የማየው በዚህ ምክንያት ነው። ብየዳም፣ ልብስ ስፌትም፣ ግንበኝነትም ጥሩ ሙያዎች ናቸው። ግን የተሳሳተ ብየዳ ቀለም ሲቀባ ይደበቃል። ያልገጠመ ወንዴና ሴቴ አይደበቅም።

አሁን ወደ ሕጉ ልዙር። የ1996 የወንጀል ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 414፣ አንቀጽ 162 ላይ አንድ በጥንቃቄ የተሠራ ድንጋጌ አለ። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ልጅ ጠባዩና ያለፈ ታሪኩ ግድ ሲል ፍርድ ቤቱ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም እንዲገባ ያዛል። ልጁ በዚያ የሚያገኘው ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ አጠቃላይ ትምህርት፣ የሥነ ምግባር ትምህርት፣ የሙያ ትምህርት። ዓላማውም ተነግሯል፤ ከኅብረተሰቡ ጋር እንዲኖርና በሐቀኛ ሥራ እንዲተዳደር። ሦስቱ ትምህርቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ የሚቆሙበት አይኖራቸውም። ክፍልፋይ የማያውቅ ልጅ የ3 ሴንቲ ሜትርን ሲሶ ምልክት ማድረግ አይችልም። ሲሶን በእንጨት ላይ ያሰመረ ልጅ ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያየው አይደነግጥም።

አንቀጽ 163 ጊዜውን ይለካል። በተቋም የመቆያው ዘመን በጠቅላላው ከአንድ ዓመት አያንስም፣ በማንኛውም ሁኔታ ከአምስት ዓመት አይበልጥም፣ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል። እዚህ ላይ ሁለት መስመር ይገናኛል፤ አንዱ ፍርዱ፣ ሌላው ዕድሜው። የ12 ዓመት ልጅ አምስቱን ዓመት ሊቆይ ይችላል። 14 ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ግን ቢበዛ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ነው ያለው። የሥልጠናው ዕቅድ የሚጀምረው ከዚህ ቅነሳ ነው። አንድ ዓመት የተፈረደበትን ልጅ የሦስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ላይ ማስቀመጥ ከሴቴው የረዘመ ወንዴ መሥራት ነው።

ከነዚህ በፊት ያለው አንቀጽ 54 ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ፍርድ ቤቱ ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ አስተዳደግ፣ ትምህርትና ኑሮ ወላጆቹን፣ ትምህርት ቤቱንና ሌሎችን መጠየቅ ይችላል። ይህ በእኔ ዓይን የመጀመሪያው የልኬት ሥራ ነው። ማንበብ ይችላል ወይ? በየትኛው ቋንቋ? አባቱ ምን ይሠራል? ልጁ በእጁ ምን ያውቃል?

የመጨረሻው ጥያቄ ጋምቤላ ውስጥ ጥሩ መልስ አለው። የአኙዋ ታንኳ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል። ምስማር የለበትም፣ መገጣጠሚያም የለበትም። የሚሠራው ሰው ከውጭ ይቀርጻል፣ ከውስጥ ይፈለፍላል፤ ሁለቱ ገጾች ግድግዳው እኩል እስኪሆን ይቀራረባሉ። አንዴ ከሳሳ የሚመለስ ነገር የለም። ወደ ምሥራቅ፣ በደኑ ውስጥ፣ የመዠንግር ንብ አርቢዎች ቀፎውን ከግንድ ፈልፍለው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅሉታል። እንዲህ ካለ ሰፈር የወጣ ልጅ ስለ እንጨት ባዶ ሆኖ አይመጣም። ስለታም ብረት በየትኛው አቅጣጫ ቢሄድ እንጨቱን እንደሚሰነጥቀው ሲያይ አድጎ ይሆናል። የሚቀረው ሚሊ ሜትር ነው።

ሕጉ የሚጠራው ዓይነት ተቋም ግን ሩቅ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ተብሎ የተቋቋመውና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛ ሆኖ የቆየው የጠባይ ማረሚያ አዲስ አበባ፣ ልደታ አካባቢ ነው። ጋምቤላ ከዚያ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ አዟል። መለየት የሚባለው በአንድ ግቢ ውስጥ የተለየ ክፍል ሊሆን ይችላል። የሙያ ትምህርት ግን በክፍል ብቻ አይሰጥም። ጠረጴዛ፣ ሞርሳ፣ ስለት፣ እንጨትና አሠልጣኝ ይፈልጋል።

ስለት የሚለው ቃል የማረሚያ ቤት ኃላፊን ያስጨንቃል። ተገቢ ጭንቀት ነው። መፍትሔው ግን በአናጺ ቤት ውስጥ ኖሯል። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል። እያንዳንዱ መሣሪያ ቦታ አለው፤ የቦታው ቅርጽ በቀለም ተስሏል። መሮው ሲነሣ የመሮው ጥላ ይቀራል። በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሰሌዳውን የሚያይ ሰው መቁጠር አያስፈልገውም፤ ባዶ የቀረ ቅርጽ ካለ ወዲያው ይታያል። በጥሩ ዎርክሾፕ ሁሉ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ልጁ ወጥቶ የራሱን ቤት ሲከፍት እንዲሁ ይሰቅለዋል።

በዚህ ረገድ ደጋግሜ የማነበው አንድ ሰነድ አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1852 ቱሪን ከተማ ውስጥ የተፈረመ የሙያ መማሪያ ውል ነው። ዮሐንስ ቦስኮ የሚባሉ ካህን በቱሪን እስር ቤቶች ወጣቶችን ይጎበኙ ነበር። የተፈታው ልጅ ሥራና ጠያቂ ሲያጣ ወደዚያው ሲመለስ አዩ። ለልጆች ማደሪያ ከፈቱ፤ ከተማው ውስጥ ካሉ ባለሙያዎች ጋርም ለልጆቹ ውል መዋዋል ጀመሩ። የ1852ቱ ውል አንድን ወጣት ከአንድ አናጺ ጋር ያገናኛል። አባትየው ዋስ ሆኖ ገብቷል፤ ካህኑም የውሉ አካል ናቸው።

ውሉ አጭር ነው፤ ትርፍ ነገር የለውም። ጌታው ሙያውን በሁለት ዓመት ውስጥ ያስተምራል። ልጁን ከሙያው ውጭ በሆነ ሥራ አያሰማራም። ከአቅሙ በላይ አያሠራም። ሲያጠፋ በፍቅር፣ በቃል ያርመዋል፤ ከቃል በቀር በሌላ አይደለም። የበዓል ቀን ለልጁ ነፃ ነው። ጌታው በየወሩ መጨረሻ የልጁን ጠባይ በሚቀርብለት ወረቀት ላይ ሳያድበሰብስ ይጽፋል። እያንዳንዱ ሐረግ ከአንድ የታወቀ በደል ፊት የቆመ ነው። በዚያ ዘመን ተለማማጅ ልጅ ውኃ ይቀዳ ነበር፣ ይላላክ ነበር፣ ይመታ ነበር። ካህኑ የጻፉት ስብከት አልነበረም። በየቀዳዳው ልክ አንድ አንድ ወንዴ ቆረጡ።

ከ1853 ጀምሮ ካህኑ ዎርክሾፖችን በራሳቸው ግቢ ማቋቋም ጀመሩ። መጀመሪያ ጫማ ሥራና ልብስ ስፌት፣ በ1854 የመጽሐፍ ጥረዛ፣ በ1856 የእንጨት ሥራ፣ ቆይቶ ማተሚያና ብረታ ብረት። ቅደም ተከተሉን ልብ ላለው ርካሹ መሣሪያ ይቀድማል፤ መርፌና ወስፌ ከሞርሳ በፊት። ካህኑ በ1859 የመሠረቱት የሳሌዥያን ማኅበር በአገራችን መቀሌና ዝዋይን በመሳሰሉ ከተሞች በሙያ ትምህርት ይታወቃል። ጋምቤላም ከዚህ ሐረግ ውጭ አይደለችም። የአካባቢውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያገለገሉትና በኋላ ጳጳስ የሆኑት አቡነ አንጄሎ ሞሬስኪ የዚሁ ማኅበር አባል ነበሩ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በትውልድ አገራቸው በጣሊያን፣ ብሬሻ ውስጥ፣ በኮሮና ሕመም ዐረፉ።

ወደ እንጨቱ ልመለስ፤ ጋምቤላ ላይ ብዙ የሚባልለት እሱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ቆላ ናት። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል። በጋው ያቃጥላል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ በስፋቱ ይጠባል። ቁመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። በየካቲት ልክክ ብሎ የገባ መሳቢያ በሐምሌ አይወጣም። ስለዚህ በበጋ የሚሠራ ሰው ክረምቱን አስቦ ይቀንሳል። 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው የመሳቢያ ጎን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል። አንድ ልጅ በጥር የሠራው መሳቢያ በነሐሴ ሲከፈት ካየ፣ ስለ እርጥበት የተማረውን የሳይንስ ትምህርት አይረሳውም። ለዚህ ግን በጥርም በነሐሴም እዚያው መኖር አለበት። በጋውንም ክረምቱንም የማያካትት ሥልጠና ይህን ሊያሳየው አይችልም።

ሙቀትና እርጥበት ነጩን ኮላም ያለሰልሰዋል። መድኃኒቱ ጥንታዊ ነው። ሴቴው ግድግዳ ላይ ለእንጨት ችንካር ቀዳዳ ይበሳል። ወንዴው ይገባና የቀዳዳው ምልክት ይወሰድበታል። ወንዴው ወጥቶ ሲበሳ ግን ቀዳዳው በምልክቱ ላይ አይሆንም፤ ወደ ትከሻው በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠጋል። ተገጥሞ ችንካሩ ሲመታ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ለማድረግ ይገፋፋል፤ ትከሻውን ወደ ሴቴው ስቦ ያጣብቀዋል። አንድ ሚሊ ሜትር። ሁለት ቢሆን በቀጭን እንጨት ላይ ችንካሩ ይሰበራል ወይም ምላሱ ይተረተራል። ዜሮ ቢሆን አይስብም። ኮላ የሌለው፣ ምስማር የሌለው፣ ዝናብ የማይፈታው መገጣጠሚያ ማለት ይህ ነው።

የእንጨቱ ዓይነትም ይታሰብ። ዋንዛ ለጀማሪ እጅ ምቹ ነው፤ ቀላል፣ ለመሮ የሚታዘዝ፣ ሲደርቅ ብዙ የማይጣመም። ግን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ባሕር ዛፍ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በባሕር ዛፍ የሚያሠለጥን ሰው እንጨቱን ቀድሞ ገዝቶ፣ በየደረጃው ስስ እንጨት አስገብቶ አየር እንዲያልፍበት ደርድሮ፣ በጥላ ሥር ወራት ማቆየት አለበት። የሥልጠናው በጀት በመስከረም ከተለቀቀ እንጨቱ በጥቅምት ለመሮ አይደርስም። በጀት የሚያወጣው ሰው ይህችን ነገር እንዲያውቅ እመኛለሁ።

ቋንቋውም አለ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ልጁ ትምህርት የጀመረው ግን በአኙዋኛ ወይም በኑዌርኛ፣ በላቲን ፊደል ሊሆን ይችላል። የመሣሪያዎቹ ስም ከፊሉ ከጣሊያን የመጣ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚቀድመው የሥራ ሥዕል ነው። ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ የሚታይ ሦስት ሥዕል፤ መስመሮችና የሚሊ ሜትር ቁጥሮች። ከኢታንግ የመጣውም ከአቦቦ የመጣውም ልጅ ሥዕሉን አንድ ዓይነት ያነበዋል። ተቀምጠው ተራ በተራ የሚለኩበት አንድ ሥዕል ለአኙዋና ለኑዌር ልጆች አንድ ሥራ ይሰጣቸዋል። በጋምቤላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በመጨረሻ የምስክር ወረቀቱ። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 ነፃነታቸውን ያጡ ወጣቶችን ለመጠበቅ ያወጣቸው ደንቦች ውስጥ ቁጥር 40 እንዲህ ያለ ሐሳብ አለው፤ ወጣቱ በታሰረበት ጊዜ ያገኘው የትምህርት ማስረጃ ታስሮ እንደ ነበር በምንም መልኩ ማሳየት የለበትም። ቁጥር 45 ደግሞ በውስጥ ያለው የሥራ አሠራር በውጭ ካለው ጋር በተቻለ መጠን እንዲመሳሰል ይጠይቃል። ሁለቱ ተያያዥ ናቸው። ውስጥ ያለው ሥራ ከውጭው ካነሰ፣ ማስረጃው ምንም ቢደበቅ የልጁ እጅ ያሳብቃል። የእኛ የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። በደረጃ የተከፈለ የሙያ መመዘኛ አለ፤ የብቃት ምዘናው ከሥልጠናው ተለይቶ ይሰጣል። መዛኙ የሚያየው ወንዴውንና ሴቴውን ነው። የት እንደ ተቆረጡ አይጠይቅም።

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። ማረሚያ ቤትም አለ። ዳኞች አሉ፤ አንቀጽ 54 ደግሞ የመጠየቅ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ከአዋቂዎች የተለየ አንድ ዎርክሾፕ፣ ስድስት የሥራ ጠረጴዛ ከነሞርሳው፣ ለእያንዳንዱ አንድ መላጊያ፣ አንድ ስኳድራ፣ አንድ መጋዝና ባለ 10 ሚሊ ሜትር መሮ፣ የተሳለ የመሣሪያ ሰሌዳ፣ የደረቀ እንጨት፣ ከኮሌጁ በየቀኑ የሚመጣ አንድ አሠልጣኝ። ጠዋት ፊደልና ሒሳብ፣ ከሰዓት በኋላ እንጨት። አሠልጣኙ በየወሩ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ሳያድበሰብስ የሚጽፍበት አንድ ገጽ። በዓመቱ መጨረሻ የብቃት ምዘና። የክልሉ ፍትሕ ቢሮ፣ ማረሚያ ቤቱና ኮሌጁ እንጨቱን በጊዜ መግዛት እንዲቻል ከመጪው የበጀት ዓመት በፊት ተቀምጠው እንዲመክሩበት እለምናለሁ።